ሳይታይ ስለተላከ የከፍታ ሥራ ማሽንና ስለተሰጠን ምላሽ የቀረበ ቅሬታ

ለመሣሪያ አከራይ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

የኪራይ ውሉ፣ የሞላነው ቅጽና የላክናቸው ፎቶግራፎች በእጃችሁ ስላሉ ነገሩን ከመጀመሪያው አልተርክም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በስልክ ያመለከትኩት ሁሉ መልስ ስላጣ ነው። ሽያጭ ክፍሉ ወደ ቴክኒክ፣ ቴክኒክ ክፍሉ ወደ ስምሪት፣ ስምሪቱ ተመልሶ ወደ ሽያጭ ይመራኛል። ይህም ሳያንስ ሰሞኑን የክፍያ መጠየቂያ ደርሶናል፤ አንድም ሰው ላልወጣበት ማሽን፣ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ለከረመበት ጊዜ ሁሉ ሙሉ ኪራይ ክፈሉ ተብለናል። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

ከገንዘቡ በፊት ግን ስለ ተሰጠን ቃል ልናገር። የሽያጭ ሠራተኛችሁ፣ “ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ባለሙያችን መጥቶ ቦታውን ያያል፤ የሚስማማውንም የሚመርጠው እሱ ነው” ብለው ነበር። ሌላ አከራይ ሳልጠይቅ ከእናንተ ጋር የተዋዋልኩት ይህን አምኜ ነው። ባለሙያ የሚባል ሰው ግን እስከ ዛሬ በግቢያችን በር አልገባም።

የሥራውን ጠባይ በቅጹ ላይ በግልጽ ጽፌያለሁ። የሚቀየረው የሕንፃው የኋላ አሸንዳ ነው፤ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ይላል። ከሥሩ ዝቅ ያለ ተቀጥላ ክፍል አለ፤ ከግድግዳው 4 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጣሪያውም ከመሬት 4 ሜትር ላይ ያለ፣ ሰው የማይሸከም ስስ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ወደ ላይ መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ተቀጥላውን በአየር ላይ ተሻግሮ ግድግዳው ዘንድ መድረስ አለበት። ለዚህ የሚሆነው ክንዱ ከፍ ካለ በኋላ ወደ ፊት የሚዘረጋው ቡም ሊፍት ነው። በቅጹ ላይ የጠየቅሁትም ይህንኑ ነው።

ከመኪናው ላይ የወረደው ግን ሲዘር ሊፍት፣ እንደ መቀስ በሚታጠፉ ብረቶች መቆሚያውን የሚያነሣ ማሽን ነው። ሲዘር ሊፍትን ለማናናቅ አይደለም፤ ወለሉ ደልዳላና ጠንካራ በሆነበት፣ ሥራውም ከራስ በላይ ቀጥ ብሎ በሚገኝበት ቦታ ከእሱ የሚመረጥ መሣሪያ ጥቂት ነው። ነገር ግን የሚወጣው ቀጥ ብሎ ብቻ ነው። ተንሸራታች መቆሚያው ተስቦ ቢወጣ የሚያስጠጋው 1 ሜትር ገደማ ነው፤ የእኛ ክፍተት 4 ሜትር ነው። በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ሳነብ ደግሞ ለቤት ውስጥ ብቻ የተፈቀደ መሆኑን አየሁ፤ የተፈቀደለት የነፋስ ፍጥነት ዜሮ ነው። ለደጅ ሥራ የሚፈቀዱት ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ እስከ 12.5 ሜትር ለሚነፍስ ነፋስ የተሠሩ ናቸው። መሬታችን ተዳፋት ነው፤ ማሽኑ ይቆማል በተባለበት ቦታም የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን አለ። ያንን ክዳን በፎቶግራፉ ላይ በቀይ ከብቤ ልኬላችሁ ነበር። ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን ማሽን ክብደቱን በአራት ትናንሽ ጎማዎች ያሳርፋል፤ አንዱ ጎማ ክዳኑን ሰብሮ ቢሰምጥ ላይ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን ለአከራይ ማስረዳት ይኖርብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከፍታውም ቢሆን አልተገናዘበም። በዋጋ ዝርዝራችሁ ላይ ለዚህ ማሽን “10 ሜትር” የተባለው የሥራ ከፍታ ነው፤ ሰው የሚቆምበት ወለል ከፍታ ላይ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ የሚደርስበት 2 ሜትር ተደምሮበት የተገኘ ቁጥር ነው። መቆሚያው ራሱ የሚደርሰው 8 ሜትር ላይ ነው። አሸንዳ የሚቀይር ሰው ደግሞ ውስጡን ከላይ አይቶ፣ ተዳፋቱን ለክቶ፣ መጋጠሚያውን አሽጎ ነው የሚሠራው፤ ከራሱ በላይ እየዳበሰ አይደለም። ባለሙያው መጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በአንድ እይታ ይረዳው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ማሽኑን ያመጣው ሾፌር ጨዋ ሰው ነው፤ “የታዘዝኩትን ነው የጫንኩት” አለኝ፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ስልክ ደውሎ ከስምሪት ኃላፊያችሁ ጋር አገናኘኝ። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበረ ሠራተኞቼ ሁሉ ሰምተዋል። የተባባልነው እንደሚከተለው ነው።

“የጠየቅሁት ቡም ሊፍት ነው፤ የመጣው ሌላ ነው” አልኳቸው።

“ሁለቱም ሰው የሚያነሡ ናቸው” አሉኝ።

“ይህኛው ወደ ፊት አይዘረጋም፤ ግድግዳው ዘንድ አያደርሰንም።”

“ከማሽኑ ወደ ጣሪያው ጣውላ ዘርግታችሁ ተሻገሩ። ሌላው ደንበኛ የሚሠራው እንደዚያ ነው።”

“ሰው ቢወድቅስ?”

“ቀበቶ ይልበስ።”

“ቦታውን ያያል የተባለው ባለሙያስ የት አለ?”

“ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ባለሙያ አይላክም። ከፈራችሁ መሰላል እልክላችኋለሁ።” ስልኩም ተዘጋ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ “ከፈራችሁ” የሚለው ቃል ምን እንዳመጣ ልንገርዎት። ሊወጣ የተዘጋጀው ሠራተኛዬ ወጣት ነው፤ ሥራውን የሚወድ፣ በጓደኞቹ ፊት መሸነፍ የማይፈልግ ልጅ ነው። ያንን ቃል እንደሰማ ፊቱ ተለዋወጠ፤ “እኔ አልፈራም፤ ጣውላውን አምጡልኝ” ብሎ ወደ ማሽኑ ሄደ። ክንዱን ይዤ አስቆምኩት፤ ለመመለስም ቀላል አልነበረም። ያ ልጅ ከድርጅታችሁ ሠራተኛ በሰማው ስድብ ምክንያት ነፍሱን ለጣውላ ሊሰጥ ነበር። በከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ጥንቃቄው ፍርሃት ተብሎ ሲሰደብ ከጣውላው በፊት የሚሰበረው ማመዛዘኑ ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ ያለበት መሣሪያውን የሚያከራየው ድርጅት ነው።

ስለ ቀበቶውም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ምላሹ በልበ ሙሉነት የተሰጠ በመሆኑ ሌላ ሰው ሰምቶ ሊያምነው ይችላል። 2 ሜትር ገመድና የድንጋጤ ማለዘቢያ ያለው የመውደቅ መከላከያ ቀበቶ ሰውን አየር ላይ ለማስቆም ከ6 ሜትር በላይ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ገመዱ ይወጠራል፣ ማለዘቢያው ይዘረጋል፣ የሰውየውም ቁመት አለ። ከመቆሚያው እስከ ተቀጥላው ጣሪያ ያለው ግን 4 ሜትር ብቻ ነው። ቀበቶው ሳይዘው ቆርቆሮውን ይመታል። ደግሞስ የት ይታሰር? የሲዘር ሊፍት አጥር ሰው ሳይወድቅ ለመከልከል የተሠራ ነው እንጂ ከአጥሩ ውጭ የወደቀን ሰው ጎትቶ ለመያዝ አይደለም፤ ወደ ጎን የሚመጣ ድንገተኛ ጉልበት ማሽኑን ራሱን ሊገለብጠው ይችላል። ጣውላ ከአጥሩ ላይ መዘርጋትን ደግሞ አምራቾች በመመሪያቸው ይከለክላሉ።

መሰላሉም እንዲሁ ነው። የሚደገፍ መሰላል ለ4 ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ ለ10 ሜትር ከፍታ 2.5 ሜትር መራቅ አለበት። ያ ቦታ በእኛ ሕንፃ ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ መሐል ነው። ሁለት እጅ የሚፈልግ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ሥራም የመሰላል ሥራ አይደለም፤ መሰላል ለአጭርና ለቀላል ሥራ ነው። ቡም ሊፍት ከሌላችሁ “የለንም” ማለት ይበቃ ነበር። ወይም ተቀጥላውን ተሻግሮ የሚቆም ስካፎልዲንግ (ተገጣጣሚ የብረት መወጣጫ) በሠለጠኑ ሰዎች እንዲተከል ብትመክሩን በደስታ እንቀበል ነበር። እናንተ ግን ግቢያችሁ ውስጥ ሥራ ፈቶ የቆመውን ላካችሁልን።

ቅሬታዬ ከዚህ የጀመረ አይደለም። ከዚህ ቀደም የተከራየነው ባለ ጎማ ተገጣጣሚ ስካፎልዲንግ የመጣው የጎን ደጋፊ እግሮቹ ተጓድለው፣ የአንዱ ጎማ ፍሬን የማይዝ ሆኖ፣ ዕቃ ከጫፉ እንዳይወድቅ የሚከለክለው የዳር ጣውላም ሳይኖረው ነበር። ያኔ “ቀሪው ነገ ይመጣል” ተባልን፤ ሳይመጣ ሥራው አለቀ። አብሮ የተላከው ቀበቶም ስፌቱ የተተረተረና የምርመራ መለያ የሌለው ስለነበረ ወዲያው መለስኩት፤ በክፍያ መጠየቂያው ላይ ግን ኪራዩ ተቆጥሯል። ለዚህኛው ማሽንም የአጠቃቀም መመሪያ አልመጣም፤ ላይ ያለው ሰው ራሱን ቢስት ወይም ማሽኑ ቢቆም ከመሬት ሆኖ እንዴት እንደሚወርድ ያሳየን ሰው የለም። የርክክብ ወረቀቱ ላይ ግን “ሥልጠና ተሰጥቶናል” የሚል ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ ታትሟል። አልፈረምኩበትም። ያልተፈረመ ርክክብ ላይ ተመሥርታችሁ እንዴት ኪራይ እንደጠየቃችሁ ማብራሪያ እጠብቃለሁ።

መጀመሪያ የፈለግሁት ይቅርታና ትክክለኛው ማሽን ብቻ ነበር። ስልኬ በተደጋጋሚ ሳይመለስ ሲቀር ጥያቄዬም ተለውጧል። የክፍያ መጠየቂያው እንዲሰረዝ፣ በቅድሚያ የከፈልነው ገንዘብ ከማጓጓዣው ጋር እንዲመለስ፣ ቅጹ ላይ ቡም ሊፍት ተጽፎ እያለ በሲዘር ሊፍት እንዲተካ የወሰነው የሥራ ክፍል በጽሑፍ እንዲገለጽልን እጠይቃለሁ። የማሽኑ የመጨረሻ የቴክኒክ ምርመራ ማስረጃ ቅጂም ይላክልን። ከሁሉ በፊት ደግሞ የስምሪት ኃላፊያችሁ እዚህ መጥተው ሠራተኛዬን በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ እንዲጠይቁት እፈልጋለሁ፤ የተሰደበው በጓደኞቹ ፊት ስለሆነ በስልክ ወይም በእኔ በኩል የሚመጣ ይቅርታ አልቀበልም።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ ምላሽ ካልሰጣችሁ፣ ውሉን አፍርሰን ጉዳዩን ፎቶግራፎቹንና ያልተፈረመውን ወረቀት አያይዘን የሠራተኞችን ደኅንነት ለሚቆጣጠረው አካል እናቀርባለን፤ የደረሰብንን የሥራ መጓተትም በሕግ እንጠይቃለን።

ማሽኑን በ2 ቀናት ውስጥ አንሡልን። ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፤ ለሚረከበው ሰው በፊርማ አስረክባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የሕንፃ ጥገና ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለድርጅታችን የሕግ ክፍል