ቴሲጀር አዋሽን ብቻውን አልተከተለም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

ስለ እንግሊዛዊው ተጓዥና ጸሐፊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ያወጣችሁትን የመታሰቢያ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። በ1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ በእንግሊዝ ለጋሲዮን መወለዱ፣ በስድስት ዓመቱ ከሰገሌ ድል የተመለሰውን ሠራዊት ማየቱ፣ በ1923ቱ የዘውድ በዓል መጋበዙ፣ በ1995 ዓ.ም. በ93 ዓመቱ ማረፉ፣ ይህ ሁሉ ልክ ነው። አዋሽ የት ገብቶ እንደሚቀር ብቻውን፣ በገዳዮች መሀል አልፎ አገኘ ያላችሁት ግን ሐሰት ነው። እኛ አዋሽ በሚያበቃበት በአፋር ምድር የምንኖር የአውሳ ሰዎች ይህችን ነገር በየጊዜው ስናነብ ኖረናል፤ አሁንስ በዛ።

ሰውየው በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ሲነሳ 18 ግመልና ወደ 40 የሚጠጉ የታጠቁ ሰዎች ነበሩት። ሰዎቹ ኢትዮጵያውያንና ሱማሌዎች ናቸው። አለቃቸው ዑመር የሚባል ሱማሌ ነበር፤ ከየባላባቱ ጋር የሚነጋገረውና ዘበኛ የሚያቆመው እሱ ነው። አውሳ ሲደርሱ ደግሞ የሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሱልጣኑ ጦራቸውን አሰልፈው በጫካ ውስጥ ባለ ሜዳ በሌሊት አነጋገሩት፣ ከዚያም እንዲያልፍ ፈቀዱለት። እምቢ ቢሉት ኖሮ የ23 ዓመት ወጣት በምን ኃይል ያልፋል? ጽሑፋችሁ ሱልጣኑንም ዑመርንም አያውቃቸውም። ፎቶግራፉ ላይ ግመል ስበው የቆሙት ሰዎች እንኳ በመግለጫው ውስጥ የሉም፤ ያለው የእሱ ስም ብቻ ነው።

ወንዙንም በተመለከተ እንነጋገር። አዋሽ ከጊንጪ በላይ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና በአፋምቦ በኩል ሐይቆቹን እያቋረጠ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አቤ ከባሕር ወለል በላይ 240 ሜትር አካባቢ ነው፤ ዙሪያው ከፍ ስለሚል ውኃው መውጫ የለውም። የሚገባውን ሁሉ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨዉና ሶዳው ይቀራል። ይህን የአፋር እረኛ ሁሉ ያውቃል፤ ባያውቅ ከብቱን የት ያጠጣ ነበር? ከላይ ያለው ውኃ ጣፋጭ ነው፣ የአቤን ከብት አይጠጣውም። ነገሩ ያልታወቀው አውሮፓ ውስጥ ካርታ ለሚሥሉ ሰዎች ነው። ቴሲጀር መንገዱን በእግሩ ሄዶ፣ ለክቶና ጽፎ ለእነሱ አደረሰላቸው፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ ማንም አይነሳውም።

ግን በረሃውን በምን ተሻገረው? በግመል። ግመል ደግሞ ራሱን አይጭንም።

ለሩቅ መንገድ የሚወጣ ግመል ከ120 እስከ 150 ኪሎ ይጫናል። ከዚያ በላይ ለአንድ ቀን ይችል ይሆናል፣ ለሳምንት አይችልም። መጀመሪያ ይንበረከክና የፊት እግሩ ጉልበቱ ላይ ይታሰራል። ከዚያ ሻኛው ግራና ቀኝ በሰሌን ይደለደላል፣ በላዩ እንጨቶቹ ይቆማሉ፣ ጭነቱም ለሁለት እኩል ተከፍሎ በመጫኛ ይጠበቃል። አንዱ ወገን ትንሽ ከከበደ እንጨቱ ወደዚያ ይጋደልና ሻኛውን ይልጠዋል። ዛሬ የተላጠው ቆዳ በሦስተኛው ቀን ቁስል ይሆናል፤ ዝንብ ካረፈበት ይተላል። ያ ግመል ከዚያ ወዲያ ባዶውን ይሄዳል፣ ጭነቱም በሌሎቹ ላይ ይደረባል፣ እነሱም በተራቸው ይቆስላሉ። ስለዚህ ግመለኛ በየሰፈሩ ሰሌኑን ሲያወርድ መጀመሪያ የሚዳብሰው ጀርባውን ነው።

የሚጫነው ጎህ ሳይቀድ ነው፣ የሚራገፈው ፀሐይዋ ሳትከር። ሙቀቱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ግመል በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቅጠል መብላት አለበት፤ ሌሊት ደግሞ ዘራፊና ጅብ ስለሚፈራ ታስሮ ያድራል። እንግዳ ሰው መንገድ ላሳጥር ብሎ ቀኑን ሙሉ ያስኬደዋል፤ ግመሉም ውኃ ጠጥቶ ሳለ በረሃብ ይወድቃል። ከአቤ ወዲያ በጅቡቲ ባሕር ዳር እስካለችው ታጁራ ድረስ ያለው ምድር እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ግመል የሚበላው ብዙም የለበትም። የቴሲጀር ግመሎች አብዛኞቹ ያለቁትም በዚያ በኩል፣ በረሃብ ነው። ውኃውንም አስቡት። የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ እስከ 100 ሊትር ይጠጣል። ለ18 ግመል እስከ 1,800 ሊትር በቆዳ ባልዲ ከጉድጓድ መቅዳት ሊያስፈልግ ነው። ማን ቀዳው? ጽሑፋችሁ ይህን ይመልስ።

"ገዳዮች" ስለሚለውም ዝም አልልም። ከእሱ በፊት የመጡ አውሮፓውያን ተገደሉ ብላችሁ ስዊሳዊውን ሙንዚንገርን ጠርታችኋል። ሙንዚንገር በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር እየመራ ነው አውሳ የገባው። ጦር ይዞ ሀገር ለመያዝ የመጣን ሰው የተዋጋ ሕዝብ ሌላ ቦታ ቢሆን አርበኛ ይባላል፤ እኛ ስንሆን ለምን ገዳይ እንባላለን? በቴሲጀር ዘመን በሁለቱ የአፋር ወገኖች፣ በአሳይማራና በአዶይማራ መካከል ደም መፋሰስ እንደነበር እኛም አንክድም። በዚያ መሀል አርባ ጠመንጃ ይዞ ወደ ውኃ የሚጠጋ ቅፍለት እንደ ጦር ቢታይ ግን ምን ይገርማል?

የጦርነቱንም ክፍል እንዲሁ አድርጋችሁታል። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለመውጋት ቴሲጀር ከነበረበት የእንግሊዝ ጦር ጋር ከሱዳን ወደ ጎጃም ከ10,000 በላይ የቆላ ግመል ገብቶ አብዛኛው አለቀ። ለስላሳ ኮቴው ለአሸዋ እንጂ ለደጋ ድንጋይ አልሆነም፤ ብርዱንም ሣሩንም አያውቀውም። ያ ጦር እንዲያ ሆኖ የዘለቀው የሀገሩ ሰው በቅሎውን፣ ስንቁንና መንገዱን ስለሰጠው ነው። በግንቦት ወር አጅባር ላይ የጣሊያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር እጁን ሲሰጥም ከቴሲጀር ጋር የነበሩት አርበኞች ናቸው። እሱ ኒሻን ተሸልሟል፣ ይገባዋል፤ እናንተ ግን አርበኞቹን በአንድ ቃል እንኳ አላነሳችኋቸውም።

በኋላ በዐረቢያ፣ ሩብ አል ኻሊ የተባለውን ሰፊ የአሸዋ በረሃ ሲያቋርጥ፣ የዚያው አገር ዘላኖች ቢን ካቢናና ቢን ጋባይሻ አብረውት ነበሩ፤ እነሱን በስም ጠርታችኋል። ዑመርን መጥራት ለምን ከበደ?

የምጠይቀው ይህ ነው፦ ስህተቱን ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ አርሙ፤ ዑመርንና ሱልጣን መሐመድ ያዮን በስማቸው አስገቡ፤ በፎቶግራፉ መግለጫ ላይም ግመል የሚስቡት ሰዎች የጉዞው ባልደረቦች መሆናቸውን ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአሳይታ አንባቢ