የወሩን ስም በፊደል ጻፉልኝ

ቨርጂኒያ፣ ቅዳሜ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ

እትዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እማዬስ? የአባዬ ጉልበት ተሻለው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ብርዱ ግን አቦ አይጣል ነው። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ስለ ሙቀት ማማረር እንዴት ያለ ጸጋ እንደነበር እዚህ መጥቼ ነው የገባኝ።

ይህን ደብዳቤ ዕቃውን ይዞ የሚመጣው ሰው ያደርስላችኋል። በስልክ ልነግርሽ ስጀምር ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አልሆነልኝም። ነገሩም ዓይን እያየው እንጂ ጆሮ እየሰማው የሚገባ አይደለም። አባዬም መነጽሩን አድርጎ ደጋግሞ ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ ጥያቄው የእሱ ነውና።

ባለፈው እማዬ ወደዚህ እንድትመጣ ፎርሟን ስንሞላ፣ «እነዚህ አሜሪካኖች ቀኑን ለምን ይገለብጡታል? ወር ከቀን ይቀድማል እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳስበው ሰነበትኩ። የእማዬ ወረቀትም መድኃኒትም ስላለበት ዘርዘር አድርጌ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

የዛሬዋን ቀን እንውሰድ። እናንተ ጋ በቁጥር ስትጻፍ 01/06/2017 ናት። ፈረንሳይና እንግሊዝ 08/02/2025 ይሏታል። እኔ ያለሁበት አገር 02/08/2025 ይላታል። ቻይና ሄደሽ ደግሞ ዓመቱ ከፊት ይመጣል፣ ከዚያ ወሩ፣ ከዚያ ቀኑ። ያው አንድ ቅዳሜ ነው። እናንተ የጻፋችሁትን አሜሪካዊ ካነበበው ግን ጃንዋሪ 6 ቀን 2017 ሆኖ ያርፈዋል። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ለአባዬ ጥያቄ። አሜሪካኖቹ የገለበጡት ነገር የለም። የሚጽፉት እንደሚናገሩት ነው። እዚህ ሰው ቀን ሲጠራ «ፌብሩዋሪ 8» ይላል። ፈረንሳዩ «8 ፌብሩዋሪ» ይላል። ሁለቱም ከአፋቸው የሚወጣውን ቅደም ተከተል ይዘው ስሙን በቁጥር ተኩት፣ መሐሉ ላይ እዝባር ጣል አደረጉ፣ አለቀ።

ይልቅ የሚገርመው የእኛ ነው። እኛም እኮ በአፋችን ወር ነው የምናስቀድመው! አባዬ «ሚያዝያ 23 ተወለድኩ» ይላል እንጂ «23 ሚያዝያ» ሲል ሰምተሽው ታውቂያለሽ? ጋዜጣውም የፍርድ ቤቱ ወረቀትም «የካቲት 1 ቀን» ብሎ ነው የሚጽፈው። በዓሉን ስንጠራ እንኳ ኅዳር ሚካኤል፣ ታኅሣሥ ገብርኤል እንላለን። ሚካኤል 12ኛው ቀን ነው፣ ገብርኤል 19ኛው። ወሩ ቀድሞ ቀኑ በታቦቱ ስም ይከተላል። ወደ ቁልቢ የሚሄደው ሕዝብ ሁሉ ቀኑን የሚጠራው እንዲህ ነው። በቁጥር ስንጽፍ ግን ቀኑን እናስቀድምና 19/04 እንላለን። በአፋችን እንደ አሜሪካኖቹ ነን፣ በብዕራችን እንደ ፈረንሳዮቹ።

አባዬ ደግሞ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ነው። ባቡሩን በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ድሬ ያደረሰው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ ቋንቋውም በሸሚንደፈር ቤት ለብዙ ዘመን ፈረንሳይኛ ሆኖ ቆየ። ዓይኑ ቀን የቀደመበትን ወረቀት ሲያይ ነው የኖረው። ታዲያ ሌላው ቢገለበጥበት ምን ይገርማል?

አሜሪካኖች ልማዱን ያመጡት ከእንግሊዝ ነው። ድሮ እንግሊዞች ሁለቱንም ይጽፉ ነበር፤ ወር ያስቀደመም ቀን ያስቀደመም አለ። እንግሊዝ በኋላ ወደ ጎረቤቶቿ ወደ አውሮፓውያኑ አዘነበለች። አሜሪካ በያዘችው ቀጠለች። የነፃነት አዋጃቸው አናት ላይ ያለው ቀን «ጁላይ 4፣ 1776» ተብሎ ነው የተጻፈው። በዓሉን በአፋቸው ሲጠሩት ግን «የጁላይ አራተኛው» ይሉታል፣ ቀን አስቀድመው። የራሳቸው ወታደርም ቀኑን ያስቀድማል። እነሱም ጋ ወጥ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ በገዢና በተገዢ መንገድ ተጓዘ። እኔ የምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይህ በየቀኑ ይታያል። ለአንድ አዛውንት ክኒን በሰጠን ቁጥር ቀንና ሰዓት ጽፈን እንፈርማለን። ፊሊፒንስ በአሜሪካ ሥር ስለነበረች ከዚያ የመጣችው ባልደረባዬ ወር ታስቀድማለች። የሴራሊዮኑ ልጅ አገሩን እንግሊዝ ስለገዛው እጁ ወደ ቀን ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከድሬ የመጣሁ ነኝ። የሦስታችንም ፊርማ አንድ ወረቀት ላይ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው አሳስቶ ቢያነብ ለአዛውንቱ ጥሩ አይሆንም። አለቃችን ይህን አይታ ሁላችንም የወሩን ስም በፊደል እንድንጽፍ አዘዘች። ከዚያ ወዲህ ማንም ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይወርዳሉ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። አድራሻቸውም ከአገር ጀምሮ ወደ ቤት ቁጥር ይወርዳል፣ በስማቸውም የቤተሰቡ ስም ይቀድማል። ሀንጋሪዎችም አውሮፓ መሐል ሆነው እንዲሁ ናቸው፣ በስምም በቀንም። ለእኔ ከሁሉ የሚያምረኝ ይሄኛው ነው። ኮምፒውተር ላይ የፎቶ ስም በዚህ መልክ ከጻፍሽ ፎቶዎቹ ራሳቸው በጊዜያቸው ይደረደራሉ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ1988 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መርጦ 2025-02-08 ብላችሁ ጻፉ ብሏል። ግን ደረጃ አንድ ነገር ነው፣ የሰው እጅ ሌላ። ካናዳ ውስጥ ዛሬም ሦስቱም ዓይነት ይታያል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ቀኑ ከ12 በላይ ሲሆን ችግር የለም። 19/04 ብትጽፊ አሥራ ዘጠነኛ ወር ስለሌለ ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል። ከ1 እስከ 12 ያሉት ናቸው ክፉዎቹ። በፈረንጅ አቆጣጠር በዓመት 132 ቀን በሁለት መልክ ይነበባል። አንዱም ሲያዩት ስህተት አይመስልም።

እማዬ የተወለደችው በኅዳር ሚካኤል ነው፣ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም.። በፈረንጁ ኖቬምበር 21 ቀን 1957 ማለት ነው። በመታወቂያዋ ላይ ያለው ግን 12/03/1950 ብቻ ነው። ይህን አሜሪካዊ ሲያየው ዲሴምበር 3 ቀን 1950 ነው የሚለው። ሰባት ዓመት ያስረጃታል፣ ቀኗንም ይቀይርባታል። አንዱ ወረቀት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ካለ ደግሞ «ይህች ሴት አንድ ሰው ናት ወይስ ሁለት?» ይባላል። የእማዬ ጉዳይ በዚህ እንዲዘገይ አልፈልግም። እሷን እዚህ ሳላቅፋት አንድ ክረምት እንኳ ባያልፍ እወዳለሁ።

ጳጉሜን ደግሞ ለብቻዋ ናት። እዚህ የማውቃት አንዲት እናት ልጇ የሩፋኤል ዕለት ነው የተወለደው፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2001 ዓ.ም.። ወረቀቱ ላይ 03/13/2001 ተብሎ ተጽፏል። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለን እኛ ነን፤ እዚህ ግን 03/13 ማለት ማርች 13 ነው። ያስመዘገበችበት ቢሮ ያሉት ሰዎች ምንም ሳይጠራጠሩ ማርች 13 ቀን 2001 ብለው አስገቡት። የልጁ ትክክለኛ ልደት ሴፕቴምበር 8 ቀን 2009 ነው። የ8 ዓመት ሕፃን በወረቀት የ16 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ አረፈው። እስኪታረም ድረስ ያቺ ሴት ያየችውን እንግልት አትጠይቂኝ።

የመድኃኒቱ ነገር ይህን ያህል ያስጨንቀኛል። የእማዬን የደም ግፊት ክኒን ጠርሙስ አንሺና ጎኑን እዪ። 05/08/2026 ይላል። ድሬ ያለ ሰው ሲያነበው ኦገስት 5 ይመስለዋል፣ ሐምሌ 29 ቀን 2018። አይደለም። ሜይ 8 ነው፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2018። በሌላው ካነበባችሁት እማዬ ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ያለፈበት ክኒን ትውጣለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በማይለቅ እስክሪብቶ «እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.» እያልኩ በአማርኛ ጽፌበታለሁ። ፕላስተሩን እንዳትልጡት። ቫይታሚኑ ላይ 09/2027 ነው ያለው፤ ወርና ዓመት ብቻ ስለሆነ እሱ አያሳስትም። ከመጋላ የምትገዙት የአውሮፓና የዓረብ አገር ዕቃ ደግሞ አብዛኛው ቀን የሚያስቀድም ነው። እኔ የላኩትንና ከዚያ የገዛችሁትን አታደባልቁ፣ በተለያየ መሳቢያ አስቀምጡ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። አስተርጓሚው ጋ ስትሄጂ እንዲህ በይው፦ የትውልድ ቀኑን በቁጥር ብቻ እንዳይጽፍ። በአማርኛው «ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም.»፣ በእንግሊዝኛው የወሩ ስም በፊደል ይሁን፣ ዓመቱ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይታወቅ። «በቁጥር ነው የለመድነው» ካለሽ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ራሱ ወሩን በፊደል ነው የሚጽፈው በይው። ከአገር ወጥቶ በሁሉም እጅ የሚያልፍ ወረቀት ስለሆነ ነው። የጋብቻው ወረቀትም፣ የልጆች የልደት ወረቀትም እንዲሁ ይሁን። የሐረሯ አክስታችን ኒካሕ በሂጅራ የተጻፈ ስለሆነ እሱን ደግሞ ለብቻው አስተርጉሚው፤ ከሌሎቹ ጋር በአንድ አታስደርቢው፣ የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ ወደ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በግምት አይቀየርም።

ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተሽ በዋትስአፕ ላኪልኝ። ሌሊትም ቢሆን ላኪ፤ ከሥራ ስመለስ አየዋለሁ። ክፍያውን በዚሁ ሰው እጅ በፖስታ ልኬያለሁ። ለእማዬና ለአባዬ ሳሚልኝ። ለጎረቤቶች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ያንን ጣፋጭ፣ ሙሸበክን፣ የሚልክልኝ ሰው ካለ አልጠላም።

የምትወድሽ እህትሽ