የወንድምሽን ፎቶ ላኪልኝ

እህት ዓለሜ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ለቅሶ እንኳን ሳልደርስሽ ሁለት ዓመት አለፈ። ስንቴ ቁጥርሽን አውጥቼ መልሼ ዘግቻለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? ዛሬም አላውቀውም፤ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ ነው።

እሁድ ዕለት እዚሁ አቴንስ ብሔራዊው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ገባሁ። የጥንት ግሪኮች ያቆሟቸው የጎረምሳ ሐውልቶች አሉ፤ ኩሮስ ይባላሉ። ራቁታቸውን ናቸው። ግራ እግራቸውን አስቀድመው፣ ጡጫቸውን ጨብጠው፣ ፈገግ እንዳሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከመሃላቸው ክሮይሶስ የሚሉት አላሳልፍ አለኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 ገደማ ከፓሮስ ደሴት እብነ በረድ የተሠራ ነው። ቁመቱ 1.94 ሜትር። ያ ደረት፣ ያ ጭን! ወንድምሽ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ የሚንጠራራው ትዝ አለኝ። አንቺ ደግሞ «በሩን ልቀቅ አንተ ግንድ!» ስትይው።

የመቃብር ሐውልት ነው። የሱ ነው በሚባለው መቆሚያ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ ቁምና በሞተው በክሮይሶስ መቃብር አጠገብ እዘን፤ ግንባር ቀደም ሆኖ ሲዋጋ ቁጡው አሬስ ያጠፋው ነው። አሬስ የጦርነት አምላካቸው ነው። «ግንባር» የምትለዋ ጋ ስደርስ... ታውቂዋለሽ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አላለቀስኩም ነበር እኮ።

ከዚያ ፊቱን ደግሜ ሳየው ደነገጥኩ። የክሮይሶስ ፊት አይደለም። ኩሮሶች የአንድን ሰው መልክ እንዲመስሉ አልተሠሩም። ቀራጩ ሊያሳይ የፈለገው ወጣትነትንና ውበትን ነው፤ ስሙ ከሥሩ ባይጻፍ ማን እንደሆነ አይታወቅም። አፍንጫው ትንሽ ጎበጥ ያለ ነበር? ጠባሳ ነበረው? ማን ያውቃል።

ልነግርሽ የፈራሁት ይሄንን ነው። የወንድምሽ ፊት እየጠፋብኝ ነው። ቁመናው ይመጣልኛል፣ ትከሻው ይመጣልኛል። ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ግን በቀኝ ነበረች በግራ? ሦስት ሌሊት አልተኛሁም።

እባክሽ ፎቶውን ላኪልኝ። ለቅሶው ላይ የተሰቀለውን፣ ፎቶ ቤት ያሳመሩትን አይደለም። ጠባሳዋ የምትታይበትን፣ አፉን በእንጀራ ሞልቶ እየሳቀ ያነሳሽውን። ከሌለሽም ጻፊልኝ፤ ቀኝ ወይስ ግራ?

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልደውልላቸው እችላለሁ? ወይስ አንቺ መጀመሪያ ትነግሪያቸዋለሽ?

ያንቺው