ከሙቀቱ ዲግሪ ጎን የፀሐይ ጨረር መጠንም ይታተምልን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በጋው ጠንክሮ ሙቀቱ ሲበረታ ስለ ቆዳ እንክብካቤ በጋዜጣም በራዲዮም የሚሰጠው ምክር ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ ውኃ በብዛት ጠጡ፣ ሳሳ ያለ ልብስ ልበሱ፣ ገላችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ ይባላል። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ለድሬዳዋ፣ ለሰመራና ለጋምቤላ ነዋሪማ የግድ ነው። ሆኖም ሙቀትንና ጨረርን አንድ አድርጎ ስለሚያይ፣ የደጋውና የወይና ደጋው ሰው ነገሩ እኔን አይመለከተኝም ብሎ እንዲያልፈው ያደርጋል። በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የምውል ባለሙያ ነኝና፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጋዜጣችሁ ከሚያወጣው የአየር ትንበያ ጎን አንድ ቁጥር እንዲጨምር ለመጠየቅ ነው።

ሙቀት ለሰውነት ይታወቀዋል፤ ሰው ላብ ሲያጠምቀው ጥላ ይፈልጋል። ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር ግን አይታይም፣ ሲነካም አይሞቅም፤ ብርታቱም የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ሳይሆን ፀሐይ በሰማይ ላይ ባላት ከፍታ፣ በደመናው መጠንና ቦታው ከባሕር ወለል ባለው ርቀት ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ስሌት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ፣ ሰማዩ በጠራበት ቀን፣ በባሕር ጠረፍ ካለ ቦታ ይልቅ በሩብ ያህል የበለጠ ጨረር ይወርድባታል፤ ብርድ እንጂ ፀሐይ የማይነሣባት ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ትብሳለች። በዚያ ላይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ፀሐይ በቀትር ቀጥ ብላ ከአናታችን ላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና በከፊል ይጋርድልናል፤ የሚያዝያው ግን የበልጉ ዝናብ በዘገየበት ዓመት ያለ ከልካይ ይወርዳል። ቴርሞሜትሩ በዚያ ቀን 25 ዲግሪ ካሳየ አየሩ ደስ ይላል ተብሎ ይታለፋል።

የዚህን ውጤት እኛ የምናየው በማዲያት ነው። ማዲያት የወጣባቸው ሴቶች ወደ መድኃኒት ቤት ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ፊት የሚያጠራ ክሬም እንጂ ፀሐይ የሚከላከል አይደለም። ጓደኛ የጠቆመቻቸው ክሬም ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት) ሆኖ ይገኛል፤ ለሳምንታት ፊትን ያሳምርና ኋላ ቆዳውን አሳስቶ፣ የደም ሥሮቹን አጉልቶ፣ ፀሐይን መቋቋም የማይችል ያደርገዋል። ከዚህ የባሰው ሎሚ ነው። የሎሚ ጭማቂ ፊቱን ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው፣ በጭማቂው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከጨረሩ ጋር ሲገናኝ ቆዳውን እንደ እሳት ያቃጥለዋል፤ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድን ደግሞ ጭማቂው የፈሰሰበትን መንገድ ተከትሎ ጥቁር መስመር ይቀራል። የጤና አዳም ቅጠልም በዚሁ ጠባዩ ይታወቃል። ለወባ መከላከያም ሆነ ለብጉር ዶክሲሳይክሊን የሚወስዱ ሰዎችም ፀሐይ ቶሎ እንደምትጎዳቸው ሊነገራቸው ይገባል፤ እኛ ባለሙያዎችም ይህን ሳንናገር መድኃኒቱን የምንሰጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጥቁር ቆዳ በራሱ መከላከያ ነው የሚሉ አንባብያን ይኖራሉ። እውነት አላቸው፤ ለቆዳችን ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ከመቃጠልም ከካንሰርም በእጅጉ ይጠብቀናል። ነገር ግን ይኸው ሜላኒን ነው ቆዳ በተቆጣ ቁጥር በዝቶ ጥቁር ምልክት የሚተወው፤ በማዲያትም ረገድ የምናየው ተራ ብርሃን ራሱ ስለሚያባብሰው፣ የቆዳ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ከነጩ ይሻላል። በፀሐይ መከላከያ ቅባት ላይ ስለሚጻፈው ኤስፒኤፍ ስለሚባለው የመከላከል አቅም ቁጥርም አንድ ነገር ልበል፦ ኤስፒኤፍ 30 የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ፣ ኤስፒኤፍ 50 ደግሞ 98 በመቶ ያህል ይከላከላል፤ ስለዚህ 100 የሚል የተጻፈበትን ፍለጋ ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም። ዋናው መጠኑ ነው፤ ለፊትና ለአንገት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ተቀብቶ በየሁለት ሰዓቱ መድገም ያሻል። ቫዝሊንና ቅቤ ቆዳን ያለሰልሳሉ እንጂ ጨረር አይመልሱም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ባርኔጣና ጃንጥላ አለው፤ ሳሳ ያለው ነጠላ ብርሃን አሳልፎ ሲያሳይ ጨረሩንም እንደሚያሳልፍ፣ አራት ድርቡ ጋቢ ግን እንደሚከለክል ማወቁም አይከፋም።

ሜላኒን በተፈጥሮ ለጎደላቸው፣ አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ግን ነገሩ የውበት ጉዳይ አይደለም። በገጠር በግ ሲጠብቅ የሚውል እንዲህ ያለ ልጅ ገና በወጣትነቱ በቆዳ ካንሰር ሊያዝ ይችላል፤ ከዚህ የሚጠብቀው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግን መደርደሪያ ላይ ከሊፒስቲክና ከሽቶ ጎን ተቀምጦ፣ በዋጋም ከእነርሱ ጋር ተመድቦ ይሸጣል። ይህ ራሱን የቻለ ደብዳቤ የሚገባው ጉዳይ ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ከሌሎች ጋር ያወጡት የአልትራቫዮሌት መለኪያ አለ፤ ከ3 ጀምሮ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ 8 ሲደርስ በጣም ከፍተኛ ነው፣ 11ና ከዚያ በላይ ሲሆን እጅግ አደገኛ ይባላል፤ በሀገራችን ደጋማ ስፍራዎችም በጠራ ቀን በቀትር 11ን ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ቁጥር ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው ሙቀት ቀጥሎ በአንድ መስመር ቢታተም፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜን ለስድስት ሰዓት የሚመድብ ርእሰ መምህር፣ ግራ ክንዱን ከመስኮት አውጥቶ የሚነዳ የታክሲ ሹፌር፣ ጉልት የምትቸረችር እናትም ቀኑን የሚመዝኑበት ያገኛሉ። ቁጥሩ ባልደረሰበት ቦታ ጥላን ማየት ይበቃል፤ የሰው ጥላ ከቁመቱ ሲያጥር፣ ይኸውም በአብዛኛው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው። ለሁሉም ከተማ በአንድ ጊዜ ማውጣት ቢያዳግት በአዲስ አበባ ብቻ ይጀመር፤ ገጹን ቆርጠን ባንኮኒያችን ላይ ለመለጠፍና ለሚጠይቀን ሁሉ ለማስረዳት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ
አዲስ አበባ