ለመንታ እናት ሚዛን ይዞ ቤት የሚመጣ ሰው ይላክልን

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ መንታ ወልደው ቤት የገቡ እናቶች በ3 ቀን ውስጥ ቤታቸው ድረስ የሚመጣ ባለሙያ እንዲመደብላቸው ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከገንደቆሬ ነው። ባለፈው ግንቦት መንታ ወለድኩ። አንድ ሴት፣ አንድ ወንድ። ሴቷ 2,600 ግራም፣ ወንዱ 2,100 ግራም። ዛሬ ሁለቱም ደህና ናቸው። ይህን ስጽፍ ሴቷ ጭኔ ላይ ተኝታለች፣ ወንዱ ከአባቱ ጋር በረንዳ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን ግን ወንዱን ልናጣው ትንሽ ነበር የቀረን። ያተረፈችው ጎረቤት ናት። ያን ቀን ባትመጣስ እያልኩ እስካሁን ሌሊት እባንናለሁ።

ምጡ ላይ ቅሬታ የለኝም። አዋላጆቹ እጃቸው ይባረክ። ሁለተኛው ልጅ በእግሩ ሲመጣ እንኳ ሳይደናገጡ አወጡልኝ። ገንዘብም አልተጠየቅኩም። የወለድኩበትን ቦታ ስም የማልጠራው ማንንም ማሳጣት ስለማልፈልግ ነው። በማግስቱ ልጆቹ ተከተቡ፣ ወረቀት ተሰጠን፣ ወደ ቤት ሂዱ ተባልን። ወረቀቱ ላይ «በ3ኛው ቀን ተመለሺ» ይላል። አንድ ለወለደችም ሁለት ለወለደችም ያው ወረቀት ነው።

ቤት ስንገባ እልልታው ሰፈሩን ሞላው። አማቴ ገንፎውን አገንፍታ ጠበቀችኝ። የሶማሌ ጎረቤታችን የግመል ወተት በጆግ ይዛ መጣች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እና «ማሻአላህ» አንድ ክፍል ውስጥ ተደባለቁ። ድሬ እንዲህ ናት፣ አራስ ብቻዋን አትተውም። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ ሰው አልጠፋም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ግን ጨቅላ መታመሙን የሚለይ አልነበረም። እኔም አልለየሁም።

ሴቷ ሲርባት ቤቱን ታናጋዋለች። ወንዱ ዝም ይላል። ጡት ሳጎርሰው ሁለት ሦስቴ ይስብና ይተኛል። «እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው! ለእናቱ አዘነላት» ይላል የመጣው ሁሉ። እውነቴን ነው፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ጨቅላ በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ሁለት ሲሆኑ ደግሞ እጥፍ ነው። «የመንታ እናት ተንጋላ ትሞታለች» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ነው የገባኝ። ወደ አንዷ ዞሬ ሳጠባ ሌላው ከጀርባዬ ይሆናል። በጀርባዬ ተኝቼ ሁለቱንም ለማቀፍ ስሞክር ስፌቱ ያመኛል። እንዲህ ሲሆን የምትጮኸው ትጠባለች፣ የማይጮኸው «ይተኛ፣ አትቀስቅሺው» ይባላል።

የግንቦትን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል «ውሃ ይጠማዋል፣ ስኳር አድርገሽ ጠብ አድርጊለት» አሉኝ። በፍቅር ነው ያሉኝ። በማንኪያ ሰጠሁት። ጨቅላ በምንም ሙቀት ቢሆን እስከ 6 ወር ከጡት ወተት ሌላ ውሃም እንደማያስፈልገው የሰማሁት በኋላ ነው። ያቺ ትንሽ ሆድ በስኳር ውሃ ስትሞላ ለወተቱ ቦታ አልቀረም። ቢጫ ሲመስለኝ ደግሞ «ጠዋት ፀሐይ አሙቂው» ተባልኩ፣ አሞቅኩት። ይሄም ሕክምናውን እንደማይተካ አላውቅም ነበር።

በ3ኛው ቀን መሄድ ነበረብን። አልሄድንም። ስፌቱ አላስቀምጥ ብሎኛል። ባጃጅ ላይ ሁለት ጨቅላ ይዞ የሚቀመጥ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ባለቤቴ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አባት የሚያገኘው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ነው። አንዱ ቀን ምጥ ላይ አለቀ፣ አንዱ ሆስፒታል በር ላይ፣ አንዱ ቤት ስንገባ። አዋጁን እናንተ እንዳላወጣችሁት አውቃለሁ። የማነሳው በ4ኛው ቀን ቤት ውስጥ ማን እንደነበረ እንድታዩት ነው። እኔ፣ ጉልበቷን የሚያማት አማቴ፣ ሁለት ጨቅላ። «ነገ ይሻለኛል፣ ነገ እንሄዳለን» አልን።

በ4ኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ድሬ ከእንቅልፏ ስትነሳ፣ አስር ሰዓት ግድም ጎረቤታችን መጣች። ሁላችንም አዴ ነው የምንላት። በድሬ ወግ አንቺ እላታለሁ እንጂ እናቴ ብትሆን ይበቃታል። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ለጥየቃ ነበር የመጣችው። ወንዱን አነሳችው፣ ከመጋረጃው ወጥታ በሩ ጋ ብርሃን ላይ ያዘችው። በአውራ ጣቷ አፍንጫውን ጫን አድርጋ ለቀቀችው። የተጫነው ቦታ ቢጫ ሆነ። ደረቱን ጫነች፣ ቢጫ። ከእምብርቱ በታችም ቢጫ። የእግሩን መዳፍ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፣ ዓይኑን አልገለጠም።

«ዛሬ ስንቴ ሸና?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሁለቱንም ጨርቅ አንድ ባልዲ ውስጥ ነው የምከተው። ባልዲው ሲሞላ «ሁለቱም እየጠቡ ነው» ብዬ እጽናና ነበር። ለካ ባልዲውን የሞላችው እህቱ ናት። አዴ ገንፎውን አልቀመሰችም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ልጁን ደረቷ ውስጥ ከተተችው፣ «ባጃጅ ጥሩ!» አለች።

ሆስፒታል ሲመዘን 1,850 ግራም ሆነ። ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቀነሱ ያለ ነው። ከመቶ 10 በላይ ሲቀንስ ግን ያሰጋል፣ የእኔ ልጅ ደግሞ ወደ 12 ገብቶ ነበር። ቢጫነቱ እንዲለቀው ሦስት ቀን ሰማያዊ መብራት ሥር ተኛ። ወተቴን እያለብኩ በትንሽ ኩባያ አጠጣሁት። ከዚያ ልብሱን አውልቀው ደረቴ ላይ አሰሩልኝ፣ የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። በዚህ ሙቀት ምን ያስፈልጋል ብዬ ነበር። ለካ የሚያስፈልገው ለሙቀት ብቻ አይደለም። ጡቱ አፉ ሥር ሲሆን ራሱ መፈለግ ጀመረ። የመጀመሪያ ጩኸቱን የሰማሁ ቀን እኔም አብሬው አለቀስኩ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው።

አዴ ምንም መሣሪያ አልያዘችም ነበር። ጣቷና የበሩ ብርሃን ናቸው። ያን ያህሉን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ያውቁታል። ፕሮግራሙ በ1995 በገጠር ተጀመረ፣ ወደ ከተማ ከገባም ቆይቷል። እርጉዝ ሆኜ ባለሙያዋ ሁለቴ ቤቴ መጥታለች፣ ጤና ጣቢያ እንድወልድ የመከረችኝ እሷ ናት። ስወልድ ግን የነገራት የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መንገድ ላይ አግኝታኝ ነው «ወለድሽ እንዴ?» ያለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ከወለድኩበት ቦታ እስከ እሷ ድረስ አንድ ስልክ አልተደወለም፣ በቃ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር እናትና ልጅ ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ከዚያ ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ በመጨረሻም በ6ኛው ሳምንት መታየት አለባቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ድረስ ሄዶ ማየትንም ይመክራል። ለሁሉም አራስ ቢሆን እሰየው ነው። አቅም ካነሰ በመንታ ጀምሩ። ከመቶ ወላድ መንታ የምትወልደው አንዲት ወይም ሁለት ብትሆን ናት። መንታ ብዙ ጊዜ ቀኑ ሳይሞላ ይመጣል፣ ክብደቱም ያንሳል፣ ቢጫነትም ይበረታበታል። ደግሞም በ3ኛው ቀን ሁለቱን ታቅፋ መንገድ መውጣት የሚከብዳት ይቺው እናት ናት።

መንታ የወለደች እናት ከጤና ተቋም ስትወጣ ያን ቀን ወደ ቀበሌዋ ባለሙያ ይደወል። ባለሙያዋ በ3 ቀን ውስጥ ቤቷ ትምጣ። የሚንጠለጠል ሚዛንና የሙቀት መለኪያ ትያዝ። ሁለቱንም ታራቁታቸው፣ በብርሃን ትያቸው፣ ትመዝናቸው። ሲጠቡም ቁጭ ብላ ትይ። አማትና ጎረቤት በተሰበሰቡበት ስለ ውሃና ስኳሩ ትንገር፣ ከእኔ ይልቅ እሷን ይሰማሉ። ለእናቲቱም ሁለት ባልዲ ያዢ ትበላት፣ ወይም ለአንደኛው ጨርቅ ቀይ ክር እሰሪበት። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው፤ የወንዱ ጨርቅ ሁሉ ጥግ ላይ ቀይ ክር አለበት።

ከእኛ ሦስት በር ወረድ ብሎ አንዲት ልጅ መንታ አርግዛለች። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ትደርሳለች። ባሏ ሹፌር ነው፣ ጂቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። አዴ ደግሞ ልጇ ጋ አዲስ አበባ ሄዳለች፣ እስከ ገና አትመለስም። ከዚህች ልጅ ብትጀምሩ ቤቷን እኔ አሳያችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የመንታ እናት፣ ከገንደቆሬ