ደብተርሽ አሁንም እኔ ጋ ነው

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እናቴ ካረፈች ወዲህ ብዕር ማንሳት ከብዶኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ እንድጽፍልሽ ያስነሳችኝ ሜሪ አስቴል የምትባል እንግሊዛዊት ናት። በ1666 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኒውካስል ውስጥ ከድንጋይ ከሰል ነጋዴ ቤት ተወለደች። አባቷ የሞተባት በ12 ዓመቷ ነው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ብቻዋን ለንደን ገባች፤ ልብሷን ሁሉ አስይዛ ተበድራ እሱም ሲያልቅባት ለካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጻፈች። በወንጌል እንዳለው መጋቢ፣ መሥራት አልችልም፣ መለመንም አፍራለሁ አለቻቸው። እዚህ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። እርሳቸውም ረዷት።

በ1694 ያሳተመችው መጽሐፍ ስሟ የለበትም፤ «ሴት ወገኖቿን በምትወድ» ይላል እንጂ። የጠየቀችው ገዳም ነበር። አዎ፣ ገዳም! ግን መሐላ የሌለበት፤ ሴቶች ተሰባስበው የሚጸልዩበት፣ ፍልስፍና የሚያነቡበት፣ ማግባት የፈለገችም ወጥታ የምታገባበት ቤት። በእንግሊዝ ገዳማት ከተዘጉ 150 ዓመት አልፎ ስለነበር፣ ካቶሊክነት ሊመለስ ነው ብለው የሠጉ ነበሩ። ቤቱ ሳይሠራ ቀረ።

ስለ ጋብቻ የጻፈችው መጽሐፍ በ1706 እንደገና ሲታተም ደግሞ መቅድሙ ላይ «ወንዶች ሁሉ ነጻ ሆነው የሚወለዱ ከሆነ፣ ሴቶች ሁሉ ባሪያ ሆነው የሚወለዱት እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። ይህችው ሴት ግን ያገባች ለባሏ ትታዘዝ ትላለች። ይህን አልቀበላትም፤ እስከዚያ ድረስ ሄዳ እዚያ ላይ መቆሟ ያንገበግበኛል። እርሷ ራሷ ሳታገባ ኖራ በ1731 አረፈች።

ስለዚያ ቤት ሳነብ ፊቴ ላይ የመጣው የዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤታችን ነው። የክፍሉ መብራት ሲጠፋ ጋቢሽን ተከናንበሽ፣ ደረጃው ሥር ባለችው አምፖል ትጽፊ ነበር። ሠርግሽ ሲቃረብ ሰማያዊውን ደብተር «እስክመለስበት ያዥልኝ» ብለሽ ሰጠሽኝ። አሁንም እኔ ጋ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ እንደተቋረጠ አለ።

ልላክልሽ ወይስ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ? ብትመጪ ደስ ይለኛል። የእናቴ ክፍል ባዶ ነው፤ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቼዋለሁ።

የአንቺው