ይድረስ ለአልሚዬ

አልሚዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሐዋሳም እንደተውሻት ናት፤ ባጃጁ ብቻ በዝቷል።

ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ስልክሽን ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ አልዋሽሽም። የዛን ቀን በቪዲዮ ስናወራ «ውይ፣ ተመችቶሻል!» አልሽኝ። ለሌላ ሰው ምርቃት ነው። እኔ ግን የዛን ዕለት ጠዋት የቀሚሴ ዚፕ አልዘጋ ብሎኝ በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ነበር ሥራ የሄድኩት። ነገሩ ውስጤ ገባ። አንዴ ስልኩን ዘለልኩት፣ ደገምኩት፤ ከዛ በኋላማ ምን ብዬ ልደውል?

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት እየተነሳሁ ሐይቁ ዳር መራመድ ጀመርኩ። ያልበኛል ብዬ ወገቤ ላይ ላስቲክ ሁሉ ጠምጥሜያለሁ፣ እንዳትስቂ። በአራት ወር አንድ ኪሎ ተኩል ቀነስኩ። ሚዛኑን ጠርጥሬ ሌላ ላይ ወጣሁ፤ ያውም ያንኑ አለኝ። «ከወለድኩ ወዲህ ሜታቦሊዝሜ፣ ማለት ሰውነቴ ካሎሪ የሚያቃጥልበት ፍጥነት፣ ሞቷል፤ ዕድሜም ነው» እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነው ስለዚህ ሰውዬ ያነበብኩት።

ኸርማን ፖንትዘር ይባላል፤ አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ተመራማሪ ነው። ታንዛኒያ፣ ኢያሲ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩትን ሀድዛዎች አጠና። አድነው፣ ሥራሥር ቆፍረው፣ ማር ቆርጠው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ወንዱ በቀን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ሴቷ 6 ገደማ።

አለካኩን አንቺ ነርሷ ትወጅዋለሽ። ከተለመደው ከበድ ያለ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ያለበት ውሃ ያጠጧቸዋል። ሃይድሮጅኑ የሚወጣው በውሃ ብቻ ነው፣ በሽንት በላብ። ኦክስጅኑ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በትንፋሽም ይወጣል። ለቀናት ሽንት እየሰበሰቡ የሁለቱን ልዩነት ሲያዩ ሰውየው ስንት ካሎሪ እንዳቃጠለ ይደርሱበታል። በነገራችን ላይ ስብ በላብ አይደለም የሚሄደው። 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4ቱ ኪሎ በትንፋሽ ነው የሚወጣው። ላስቲኬን ጣልኩት።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። የሰውነት መጠናቸው ሲታሰብ ሀድዛዎቹ በቀን የሚያቃጥሉት ካሎሪ ቢሮ ተቀምጦ ከሚውለው አሜሪካዊ አይበልጥም! ደግሜ አነበብኩት። ፖንትዘር እንደሚለው ሰውነት በጀት አለው። በእግርሽ ብታወጪ ከሌላ ቦታ ይቆርጣል። እንደ እናቴ በይው፤ ለፋሲካ በግ ከተገዛ ሌላው ወጪ በዝምታ ይቀነስ ነበር። እኛ የሚገባን ሻዩ ስኳር ሲያጣ ነው። በዚህ የማይስማሙት ሳይንቲስቶች አሉ። የኔ እግር ማስረጃ አይሆንም እንጂ እኔስ ተስማምቻለሁ።

ያናደደኝ ሁለተኛው ጥናቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እሱና ብዙ ባልደረቦቹ ከ29 አገሮች የተሰበሰበ የ6,421 ሰዎች መረጃ አወጡ፣ ከስምንት ቀን ሕፃን እስከ 95 ዓመት አዛውንት። ከ20 እስከ 60 ዓመት ሜታቦሊዝም ንቅንቅ አይልም። ከ60 በኋላ ነው በዓመት 0.7 በመቶ ገደማ የሚወርደው። እርግዝናም ቢሆን ከተጨመረው ክብደት የተለየ ነገር አያመጣም። እኔ ደግሞ 47 ነኝ። ሰበቤን ነጠቀኝ!

እንግዲህ ትርፉ ከየት መጣ? አንድ ሳምንት ሙሉ የቀመስኩትን በልጄ ደብተር ጀርባ ጻፍኩ። አቦል ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ቶና ላይ ሁለት፣ በረካ ላይ ለወጉ አንድ። መሀል ላይ አምባሻ። የጾም ነው እያልኩ ደግሞ ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ። ገጹ ሞላ፤ ቀድጄ ጣልኩት፤ ልጄ እንዳያየው።

እርምጃውን አልተውኩም። ፖንትዘርም ተዉ አይልም፤ የሀድዛዎቹ ልብ እስከ እርጅና ጤነኛ ነው። እኔም እንቅልፌ ተመልሷል። ስኳሩን በቡና አንድ አድርጌዋለሁ፤ ጎረቤቶቼ «ታመመች እንዴ?» ይላሉ።

ቀሚሱ አሁንም አይዘጋም። ቅዳሜ ማታ በኛ ሦስት ሰዓት ደውዪ፣ አንቺ ጋ ከሰዓት ነው። በቪዲዮ ይሁን።

ያንቺው ጥሩዬ